ጥቃት ወይስ ጥንቃቄ? በጨዋታ ውስጥ ያለው ስሌት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከተሞች፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ወጣቶች በእጅ ስልካቸው እየተፎካከሩ ሲጫወቱ እናያለን። ብዙዎቹ ጨዋታዎች ተጫዋቹን በየደቂቃው አንድ ጥያቄ ይጠይቁታል፤ ትንሹን አስተማማኝ ነጥብ ይዞ መቆየት ይሻላል ወይስ ትልቁን ለማግኘት መድፈር? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በዕድል ስሌት እንመለከተዋለን።

ለምሳሌ ያህል በአንድ ዙር ተደብቆ የሚቆይ ተጫዋች 4 ነጥብ በእርግጠኝነት ያገኛል እንበል። ወጥቶ የሚዋጋ ደግሞ ከአራት ጊዜ አንዱን አሸንፎ 12 ነጥብ ያገኛል፤ በሦስቱ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። የውጊያው አማካይ ውጤት 12 ለ4 ተካፍሎ 3 ነጥብ ነው። ስለዚህ ገና ብዙ ዙር ለቀረው ተጫዋች መደበቁ ይሻላል። ይሁን እንጂ መሪው ጨዋታውን ጨርሶ፣ የእኛ ተጫዋች አንድ ዙር ብቻ ቀርቶት በ10 ነጥብ ቢበለጥስ? መደበቁ ሽንፈቱን ያረጋግጣል፤ ውጊያው ግን ከአራት አንድ የማሸነፍ ዕድል ይሰጠዋል። በአማካይ ያነሰው ምርጫ እዚህ ላይ ትክክለኛው ሆነ፤ ምክንያቱም የሚፈለገው ነጥብ ማብዛት ሳይሆን መሪውን መቅደም ነው።

ይህ ዓይነቱ ስሌት ከስልክ ጋር የመጣ አይደለም። ከጋይንት በስተ ምዕራብ የምትገኘው ደብረ ታቦር በ19ኛው መቶ ዘመን የራስ አሊ መቀመጫ ነበረች። በዚያው ዘመን በአገራችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ደንብ ጽፎ አቆይቶልናል፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። ሰንጠረዡ ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች እንደ ፈቀዱ ያንቀሳቅሳሉ። ቸኩሎ የበላ አንድ ጠጠር ያተርፋል፤ ነገር ግን ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ጨዋታው በተራ ስለሚሆን፣ ሰልፉን ሳያሰናዳ የጀመረ ይጎዳል።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀን የማሸነፊያው ደንብ ነው። ብቻውን የቀረን ንጉሥ መማረክ አይፈቀድም። ከወታደሮቹ ሌላ አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው ተጫዋች እንደሆነ፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ንጉሡ ካልተማረከ ጨዋታው አቻ ይሆናል። በደር ወይም በፈረስ ማሸነፍም እንደ ሙያ አይቆጠርም ነበር። እንግዲህ ያገኘውን ሁሉ የሚለቅም ስግብግብ ተጫዋች ድሉን በገዛ እጁ ይዘጋል፤ ጎበዝ የሚባለው ለባላጋራው ኃይል ትቶለት፣ አደጋውን እያወቀ የሚማርክ ነው።

እስካሁን ያየነው የሚደመር ነጥብ ነው። ሀብት ግን የሚባዛ ነገር ስለሆነ ሌላ ስሌት ይጠይቃል። ዕድሉ እኩል በሆነ ውርርድ ያሸነፈ ካስያዘው 60 በመቶ ያተርፋል፤ የተሸነፈ 50 በመቶ ያጣል እንበል። በአማካይ የ5 በመቶ ትርፍ አለው። ነገር ግን 100 ብሩን በሙሉ ያስያዘ ሰው አንዴ ቢያሸንፍ 160፣ ቀጥሎ ያንኑ በሙሉ አስይዞ ቢሸነፍ 80 ብር ይቀረዋል። ድሉና ሽንፈቱ እኩል እየተፈራረቀ በቀጠለ ቁጥር ገንዘቡ እያለቀ ይሄዳል።

በጉና ተራራ ዙሪያ በደጋው ገብስ፣ ወደ ቆላው ማሽላ የሚዘራው ገበሬ ምርቱን ሁሉ ከመብላትና ከመሸጥ ታቅቦ ለዘር የሚሆነውን በጎታ ለይቶ ሲያስቀምጥ የሚሸሸው ይህንኑ ነው። ባለ 100 ብሩም በየጊዜው ካለው ሩቡን ብቻ ቢያስይዝ፣ በድሉ 115 ይደርሳል፤ በሽንፈቱም ወደ 100 ብር ከ62 ሳንቲም ግድም ይመለሳል።