አምባዛን በመንጠቆ ማጥመድ

ብዙዎቻችን ወንዝ በደጃችን እያለፈ ዓሣ ሳንቀምስ እንከርማለን። ዓሣ ግን እንደ ሥጋ ሰውነትን ይገነባል፤ ለልጆቻችንም ይበጃል። በግልገል ዓባይ፣ በርብ፣ በጉማራ፣ በአዋሽም አምባዛ የሚባል ትልቅ ዓሣ አለ። አንዳንዱ ከ1 ሜትር በላይ ይረዝማል። እንዲህ ያለው አንዱ ከተያዘ ቤተሰብን አጥግቦ ለጎረቤት ይተርፋል። ታዲያ በምን እንያዘው?

በመጀመሪያ ጠባዩን እንወቅ። አምባዛ ቅርፊት የለውም። ራሱ ጠፍጣፋ፣ ዓይኑ ትንሽ ነው። በአፉ ዙሪያ 8 ጢሞች አሉት። ለምግብ የሚወጣው ይበልጡን ሌሊት ነው። በጨለማና በደፈረሰ ውሃ ምግቡን የሚያገኘው እያሸተተና በጢሙ እየዳሰሰ ነው። ስለዚህ በመንጠቆ ላይ የምንሰካው ማባበያ ሽታው የሚሰማ መሆን አለበት።

ለማባበያ የሚሆኑት እነዚህ ናቸው፦

1. የመሬት ትል። ከእበት ሥርና ከእርጥብ አፈር ተቆፍሮ ይገኛል። ነገር ግን ትናንሽ ዓሦች እየነጩ ይጨርሱታል። ትልቁን ከፈለግን ብዙ ትል አንድ ላይ እንሰካለን።

2. የሆድ ዕቃ። ከብት ወይም ዶሮ ሲታረድ አንጀቱንና ጉበቱን አንጣል። ጉበት ደም ስላለው ሽታው በውሃ ውስጥ ይሄዳል። ግን ለስላሳ ነውና ቶሎ ይወልቃል። ስለዚህ ከመንጠቆው ጋር በክር እንጠምጥመው። አንጀት ግን ጠንካራ ስለሆነ ራሱን ችሎ ይይዛል።

3. ትንሽ ዓሣ ወይም እንቁራሪት። አምባዛ ሌላ ዓሣ ይበላል። ትንሹን ዓሣ ጎንና ጎኑን በቢላዋ ሰንጠቅ እናድርገው፤ ደሙና ሽታው ይወጣል።

«ማባበያው በበሰበሰ ቁጥር ይሻላል» የሚሉ አሉ። ይህ ልክ አይደለም። በጣም የበሰበሰ ነገር ውሃ ሲነካው ይበታተናል፤ መንጠቆውም ባዶውን ይቀራል። ከአደረ አይበልጥ። ስንሰካም የመንጠቆው ጫፍ ትንሽ ብቅ ይበል። ጫፉ ከተሸፈነ ዓሣው ማባበያውን ጎርሶ ይተፋዋል። ሥራው ሲያልቅ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ።

አምባዛ የሚመገበው በብዛት ከወንዙ ወለል ነው። ስለዚህ ከመንጠቆው ከፍ ብሎ በገመዱ ላይ ትንሽ ድንጋይ እንሰር። ገመዱ ጠንካራ ሲባጎ ወይም ናይለን ይሁን፤ ጫፉ ከዛፍ ጋር ይታሰር። ሲመሽ ውሃው ጠለቅ ብሎ ረጋ ባለበት፣ ወንዙ በሚታጠፍበት እንጣለው። ዓሣው ሲያዝ በደረቱ ግራና ቀኝ ያለው ክንፍ ሹል እሾህ አለውና እጃችንን እንዳይወጋን እንጠንቀቅ። አዋሽን በመሰለ አዞ ባለበት ወንዝ ደግሞ በምሽት ከውሃው ዳር አንቁም። ገመዳችንን ገና ብርሃን ሳለ ጥለን፣ ጧት በደንብ ሲነጋ እንየው።

አንድ ነገር አንርሳ። አንዳንድ ሰው የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ወንዝ ውስጥ ይጨምራል። ዓሣው ሁሉ ይንሳፈፋል። የዚያን ቀን ብዙ ይገኛል። ግን ለከርሞ የሚያድገው ጫጩትም አብሮ ያልቃል። መንጠቆ የሚይዘው አንዱን ነው፤ የቀረው ይራባል። አምባዛ የሚራባው ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ሣሩ ላይ ሲተኛ ነው። በዚያ ወቅት ሆዷ በእንቁላል የተነፋች ከያዝን ብንለቃት ለራሳችን ነው። ዘር የሚበላ ገበሬ ምን ያጭዳል?

ጥያቄዎች
1. አምባዛ በጨለማ ምግቡን በምን ያገኛል?
2. ጉበትን በክር የምንጠመጥመው ለምንድን ነው?
3. በአካባቢያችን ወንዝ ብርብራ የሚጨምር ሰው ቢኖር ምን ብለን እንመክረዋለን?