የዳኞች ፍርድና የምእመናን ምላሽ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዓለም ላይ የሚሰጥ ታላቅ ፍርድ ሁሉ ሁለት ፈተና ይዞ ይመጣል። አንደኛው ፈተና የፈራጆቹ ነው፤ በቅን ፈርደው እንደ ሆነ ወይም በጠማማ፥ መልሱን ለማይሳሳተው ዳኛ ይሰጣሉ። ሁለተኛው ፈተና ግን ፍርዱን የሚሰሙት ሰዎች ነው፤ በሰሙ ጊዜ ምን ተናገሩ? ምንስ አደረጉ? ወደ ቤታቸውስ ምን ይዘው ገቡ? ስለ መጀመሪያው ፈተና ብዙ ተብሏል። እኛ በዚህ ትምህርት ስለ ሁለተኛው ልንናገር እንወዳለን። ለምሳሌ የምናቀርበውም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ ወንድና ወንድ፥ ስለ ሴትና ሴት ጋብቻ የሰጠውን ፍርድ ነው፤ ይህ ፍርድ በዚያ አገር የሚኖሩትን ብዙ ልጆቻችንን በቅርብ የሚነካ ነውና።

አስቀድሞ ነገሩን እንደ ሆነው ማወቅ ይገባል፤ ሳይሰሙ መመለስ እንደሚያሳፍር ጠቢቡ ሰሎሞን አስተምሯል (ምሳ. 18፥13)። በአሜሪካ የጋብቻ ሕግ በየግዛቱ የሚወሰን ነበር። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2003 የማሳቹሴትስ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ሰዎች የጋብቻ ፈቃድ ሊከለከሉ አይገባም ብሎ ፈረደ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ፍርዱ በሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ግዛቶቹ ተለያዩ፤ ጥቂቶቹ ፈቀዱ፥ ብዙዎቹ ደግሞ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ብቻ ነው የሚል ቃል በየሕገ መንግሥታቸው ጻፉ። በካሊፎርኒያ በ2008 ፍርድ ቤቱ የፈቀደውን ሕዝቡ በዚያው ዓመት በድምፁ ሻረው።

በመጨረሻም ከኦሃዮ፥ ከሚሺጋን፥ ከኬንተኪና ከቴነሲ የመጡት ክሶች በአንድነት ታዩ። ሰኔ 19 ቀን 2007 ዓ. ም.፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ጁን 26 ቀን 2015፥ 5 ዳኞች ደግፈው 4 ተቃውመው በአገሩ ሁሉ እንዲህ ያለው ጋብቻ እንዲፈቀድ ተፈረደ። የክሱ ስም የተጠራበት ጂም ኦበርገፌል የሚባል የኦሃዮ ሰው ነው፤ በሌላ ግዛት ሕግ የተጋባው ሰው በጽኑ ደዌ ታሞ በ2013 በሞተ ጊዜ፥ በሞቱ ምስክር ወረቀት ላይ የትዳር ጓደኛ ተብሎ ለመጻፍ የጠየቀ ነበር። የብዙዎቹን ፍርድ የጻፈው ዳኛ አንተኒ ኬነዲ በ1868 በጸደቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ላይ ተመሠረተ። ዋናው ዳኛ ጆን ሮበርትስ ግን ከሌሎች ሦስት ዳኞች ጋር ተቃወመ፤ የተቃውሞውም ቁም ነገር ይህን መወሰን የሕዝቡ ነው እንጂ የዳኞች አይደለም የሚል ነበር። እንግዲህ በዚያ ችሎት የነበረው ክርክር ስለ ሕገ መንግሥት እንጂ ስለ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን እንዳልነበረ ልብ እንበል።

ፍርዱ በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ በሁለት ተከፈለ። እኩሌቶቹ በፍርድ ቤቱ ደጃፍ በደስታ ተቃቀፉ፤ በዚያችም ሌሊት የፕሬዚዳንቱ ቤት ዋይት ሐውስ በቀስተ ደመና ቀለማት አበራ። እኩሌቶቹ ደግሞ አዘኑ፥ ተቆጡም። በኬንተኪ የአንድ አውራጃ ጸሐፊ የነበረች ሴት የጋብቻውን ፈቃድ አልሰጥም በማለቷ ጥቂት ቀናት ታሰረች፤ ስለ እርስዋም የሚደግፉና የሚቃወሙ ሰዎች በየአደባባዩ ተሰለፉ። የክርስቲያን ማኅበራትም አልተስማሙም፤ የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን በዚያው ክረምት የጋብቻ ሥርዓቷን ስትለውጥ፥ በአሜሪካ ያሉት የምሥራቅ ኦርቶዶክስ ጳጳሳት ጉባኤ ግን ጋብቻ የወንድና የሴት አንድነት ነው የሚለውን ጥንታዊ ትምህርት አጸና።

በእኛም ምእመናን ዘንድ ልዩ ልዩ ምላሽ ታይቷል። አንዱ የዓለም መጨረሻ ደረሰ ብሎ ተሸበረ፤ አንዱ ስድብንና እርግማንን እንደ መንፈሳዊ ቅንዓት ቈጠረ፤ አንዱ ካህናት በግድ እንዲያጋቡ ይታዘዛሉ ብሎ ፈራ፤ አንዱም ልጁ ሲጠይቀው የሚመልሰውን አጥቶ ዝም አለ። ከእነዚህ መካከል ሦስተኛው ፍርሃት እውነቱን በማወቅ የሚወገድ ነው። ዳኛ ኬነዲ በጻፈው ፍርድ ውስጥ ሃይማኖቶች እምነታቸውን ማስተማራቸውን ሊቀጥሉ እንደሚችሉ ተነግሯል፤ በ2022 የወጣውም የጋብቻ ሕግ የሃይማኖት ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ጋብቻ ለመፈጸም እንደማይገደዱ በግልጥ ይናገራል። የቀሩት ሦስቱ ምላሾች ግን በትምህርት ካልሆነ በቀር አይቃኑም።

ጌታችን ስለ ጋብቻ በተጠየቀ ጊዜ መልሱን ከሙሴ ሕግ አልጀመረም፤ ከፍጥረት መጀመሪያ ጀመረ እንጂ። ፈጣሪ ሰውን ወንድና ሴት አድርጎ እንደ ፈጠረና ሁለቱን አንድ ሥጋ እንዳደረገ አስታወሰ፤ ሙሴ ፍቺን የፈቀደውም ስለ ልባቸው ጥንካሬ እንደ ነበር ገለጠ (ማቴ. 19፥3-9)። ከዚህ የምንማረው በሕግ የተፈቀደ ሁሉ ከመጀመሪያው የታሰበ አለመሆኑን ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የባልና የሚስትን አንድነት ወደ ክርስቶስና ወደ ቤተ ክርስቲያን ምሥጢር ከፍ አደረገው (ኤፌ. 5፥22-33)። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር የምትለውጠው ትምህርት የላትም። ሥርዓቱ የእርስዋ ፈጠራ ሳይሆን የተቀበለችው አደራ ነውና፥ ለደስ ማሰኘት ብላ አትጨምርበትም፥ ፈርታም አትቀንስለትም።

የመንግሥት ውልና የቤተ ክርስቲያን ምሥጢር ልዩ ልዩ መሆናቸውን አባቶቻችን ጥንቱን ያውቁት ነበር። በአገራችን የሰማንያ ጋብቻና የቁርባን ጋብቻ ተለይቶ ሲነገር ኖሯል። የሰማንያው በሽማግሎችና በምስክሮች ፊት በውል የሚጸና፥ በውልም የሚፈርስ ነው። የቁርባኑ ግን ባልና ሚስት ሥጋውንና ደሙን በአንድነት ተቀብለው የሚተሳሰሩበት ነውና እንደ ውል የሚቀደድ አይደለም። ዳኛው የሰማንያውን ውል ሲያጸናና ሲያፈርስ፥ ምሥጢረ ተክሊልን ሠራ ወይም ሻረ ያለ ሰው አልነበረም። የአሜሪካ ዳኞችም የፈረዱት ስለ ውርስ፥ ስለ ግብር፥ ስለ ምስክር ወረቀት፥ ባጭሩ መንግሥት ስለሚመዘግበው ውል ነው። ፍርድ ቤት ያልሰጠንን ተክሊል ፍርድ ቤት ሊወስድብን አይችልም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም የሮም ሕግ ፍቺን በቀላሉ ይፈቅድ በነበረበት ዘመን፥ እግዚአብሔር በመጨረሻው ቀን የሚፈርድብን ራሱ በሠራው ሕግ እንጂ ነገሥታት ባወጡት ሕግ እንዳይደለ ለሕዝቡ አስተምሯል።

ይህ ማለት ግን ፍርዱ ምንም አይነካንም ማለት አይደለም። ሕግ አስተማሪ ነው፤ በሕግ የተፈቀደውን ልጅ በትምህርት ቤት ይሰማዋል፥ በጎረቤቱም ያየዋል። ነገር ግን ሕጉ ራሱ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። ጋለፕ የተባለው የሕዝብ አሳብ መርማሪ ድርጅት በ1996 በጠየቀ ጊዜ ከመቶው አሜሪካዊ 27ቱ ይህን ጋብቻ ደግፈው ነበር፤ ከፍርዱ ጥቂት ቀደም ብሎ በ2015 በጠየቀ ጊዜ ግን ደጋፊዎቹ ከመቶ 60 ሆነው ተገኙ። እንግዲህ ዳኞቹ ከመፍረዳቸው በፊት የብዙ ሰው ልብ ተለውጦ ነበር። ልብም የሚለወጠው ወይም የሚጸናው በችሎት ሳይሆን በቤት፥ በገበታ፥ በአባትና በእናት አኗኗር ነው። የ1996 ዓ. ም. የወንጀል ሕግ ይህን ሥራ በሚከለክልባት በአገራችን የሚኖርም ምእመን፥ ሕጉ የቤተ ክርስቲያንን የማስተማር ሥራ የሚሠራለት መስሎት እንዳይተኛ ይጠንቀቅ።

በ387 የአንጾኪያ ሕዝብ በንጉሥ ቴዎዶስዮስ ግብር ተቆጥቶ የንጉሡንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ሰባበረ። ከዚያም ከተማው በቅጣት ፍርሃት ተያዘ። ኤጲስቆጶሱ ፍላብያኖስ ምሕረት ሊለምን ወደ ንጉሡ ሲሄድ፥ በዚያን ጊዜ ቄስ የነበረው ዮሐንስ አፈወርቅ በጾሙ ወራት ሕዝቡን ሲያስተምር ሰነበተ፤ ከ20 በላይ ስብከቶቹም እስከ ዛሬ አሉ። በእነዚያ ቀናት ስለ ንጉሡና ስለ ግብሩ ሲከራከር አልሰነበተም፤ መሐላን ተዉ፥ ሐሜትን ጣሉ፥ እርስ በርሳችሁ ይቅር ተባባሉ እያለ ደጋግሞ መከረ እንጂ። የአደባባይን ሁከት ወደ ልብ ምርመራ መለሰው። በኋላም ንጉሡ ከተማውን ማረ።

እኛም ይህን ምሳሌ ይዘን ራሳችንን እንጠይቅ። ስለ ሌሎች ጋብቻ በብርቱ ድምፅ የምንናገር ሰዎች፥ ከመካከላችን ስንቶቻችን በተክሊልና በቁርባን ተጋባን? ስንቶቻችንስ ቅዱስ ቁርባንን ለእርጅና አቆይተን በሰማንያ ብቻ እንኖራለን? ሚስቱን የሚመታ፥ በስውር የሚያመነዝር፥ ልጆቹን ጥሎ የሚሄድ ባል የጋብቻን ክብር ከየትኛው ዳኛ ያነሰ ያዋርዳል? ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ የአሕዛብን ርኵሰት ከዘረዘረ በኋላ ወዲያው ቃሉን በሌላው ላይ ወደሚፈርደው ሰው መልሷል (ሮሜ 1፥26 - 2፥3)። ለቆሮንቶስ ሰዎችም በውጭ ባሉት ላይ መፍረድ የእርሱ ሥራ እንዳልሆነ ነግሯቸዋል (1ቆሮ. 5፥12-13)።

ከዚህ ቀጥሎ የመጨረሻውና ከሁሉ የሚከብደው ነገር ይመጣል። በአደባባይ የምንናገረውን ቃል በቤታችን ውስጥ የሚሰማ ልጅ ሊኖር ይችላል። ስሜቱን ለማንም ያልገለጠ፥ በጾምና በጸሎት የሚታገል ወጣት፥ አባቱ በገበታ ላይ ሲሳደብ ሲሰማ፥ ወደ አባቱም ወደ ንስሐ አባቱም የሚሄድበት መንገድ ተዘጋ ብሎ ያስባል። ያ ወጣት በተስፋ መቍረጥ ቢጠፋ፥ ደሙን ከማን እጅ ይፈልገዋል? ስለዚህ ካህን እንዲህ ያለ ሰው ወደ እርሱ ሲመጣ በትዕግሥት ይስማው፤ ምሥጢሩን ይጠብቅለት፤ ኃጢአቱን ጽድቅ አይበለው፥ ሰውየውንም ከኃጢአቱ ጋር አይጣለው። ፈተና መፈተንና በፈተናው መውደቅ አንድ እንዳይደሉ ያስረዳው፤ ሌላው ምእመን የሚጾመውን ጾም፥ የሚጸልየውን ጸሎት ያካፍለው። ወላጅም ልጁን ከቤት አያባርር፤ የጠፋው ልጅ አባት በሩን ዘግቶ አልተገኘምና። ማንም ሰው ስለዚህ ነገር በሌላው ላይ እጁን ቢያነሣ፥ የቤተ ክርስቲያን ጠበቃ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያንን ሕግ ተላላፊ ነው። ጌታ በዝሙት የተያዘችውን ሴት ከድንጋይ አዳናት፥ ዳግመኛም እንዳትበድል አዘዛት (ዮሐ. 8፥1-11)። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ወንጌሉን እኩሌታ ያዘ።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ ምላሻችን ይህ ይሁን። ትምህርታችንን ሳናፍር እንግለጥ፤ ለዳኞችና ለመንግሥታት እንደ ታዘዝነው እንጸልይ (1ጢሞ. 2፥1-2)፤ በሰማንያ ያለን ወደ ቁርባን እንቅረብ፤ በቍርባን ያለን ትዳራችንን በፍቅር እንጠብቅ፤ ልጆቻችን ሲጠይቁን በእርጋታ እንመልስላቸው። በአንድ መንደር ውስጥ አንድ የተቀደሰ ትዳር ቢገኝ፥ ከብዙ ጩኸት ይልቅ ስለ ጋብቻ ምንነት ይመሰክራል። የመንግሥት ፍርድ ዛሬ ይጻፋል፥ ነገም በሌላ ፍርድ ሊለወጥ ይችላል። በቃና ሰርግ የተገኘው አምላክ ግን በሚጠሩት ሁሉ ቤት ዛሬም ይገኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር። አሜን።