የእርጉዝ ባዝራ የመጨረሻ ሦስት ወራት
ለሐሙሲትና ለጣና ዳር ቀበሌዎች አርቢዎች የተዘጋጀ ምክር

በደራ ወረዳ፣ ከሐሙሲት ዙሪያ እስከ ጣና ዳር ባሉት ቀበሌዎች፣ ሰው ከብት አዋቂ ነው። የፎገራ ላም ስትወልድ እያየ ያደገ ልጅ ምጥ የያዛትን ላም ከሩቅ ይለያል። ባዝራ ግን በአንድ ቤት አንዲት፣ ቢበዛ ሁለት ስለሆነች አረጋገዟንና አወላለዷን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ሲጨንቀው ለላሟ የሚያደርገውን ለባዝራዋም ያደርጋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ላምን እስከ ማግስቱ የማያሳስባት ነገር ባዝራን በሰዓታት ውስጥ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። በአንጻሩ ባለቤቱን እንቅልፍ ከሚነሱት ምልክቶች ብዙዎቹ የጤና ናቸው። ሁለቱን መለየት ከቻላችሁ የጭንቀታችሁ ግማሽ ይቀላል፤ ቀሪው ግማሽ ደግሞ በጊዜው ወደ ሐኪም ያስሮጣችኋል።

ቀኑን ቁጠሩ

ባዝራዋ የተጠቃችበትን ቀን ጻፉ። ፈረስ ያረገዘች ባዝራ በአማካይ 340 ቀን ትቆያለች፤ 11 ወር ከ10 ቀን መሆኑ ነው። የኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። መስከረም 1 የተጠቃች ባዝራ ነሐሴ 11 ገደማ ትጠበቃለች። መሐል ላይ ጳጉሜን ካለች አምስቱን ቀን ቀንሱ፤ ግንቦት 15 የተጠቃችው ሚያዝያ 25 ሳይሆን ሚያዝያ 20 ላይ ትደርሳለች። ከአህያ ተጠቅታ በቅሎ የያዘች ባዝራ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ጥቂት ቀናት ታስረዝማለች።

ይህ አማካይ ነው። ከ320ኛው ቀን እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ የወለደች ባዝራ ጤነኛ ውርንጭላ ልታገኝ ትችላለች። በተለይ የሚያስጨንቀው ማለፉ ነው፤ “ቀኗ አለፈ” ተብሎ ሥር ቀጥቅጦ ማጠጣት፣ ሆድ ማሸት፣ ማስሮጥ ይመጣል። አታድርጉት። የምትበላ፣ የምትጠጣ፣ ፋንድያዋ ደህና የሆነ፣ ከማኅፀኗ ምንም የማይፈሳት ባዝራ 350 ቀን ብታልፍም ጠብቋት። ከ320 ቀን በፊት የመውለድ ምልክት ካሳየች ግን ለሐኪም ንገሩ፤ ከዚያ በፊት የሚወለድ ውርንጭላ በሕይወት የመቆየት ዕድሉ አነስተኛ ነው።

መኖና ሥራ

ሣር በጠገበበት በነሐሴና በመስከረም የተጠቃች ባዝራ የመጨረሻ ሦስት ወሮቿ ግንቦት፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ይውላሉ። ጽንሱ ከሚወለድበት ክብደት ከግማሽ በላዩን የሚያገኘው በእነዚሁ ወራት ነው። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ድርቆሹ አልቆ አዲሱ ሣር ገና የማይጠቅምበት፣ ማዳበሪያና ዘር የሚጓጓዝበት ጊዜ ነው። መኖዋ ሲያንስ ጭነቷ ይጨምራል ማለት ነው። በአካባቢያችን ለባዝራ መጎዳት ትልቁ ምክንያት ይኸው የወቅቱ መገጣጠም ይመስለኛል። ስለዚህ ዝግጅቱ መጀመር ያለበት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ድርቆሹ ሲታጨድ የባዝራዋ ድርሻ ለብቻው ይከመር።

250 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ባዝራ በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። የሩዝ ገለባ በአካባቢው ሞልቷል፣ ነገር ግን ብቻውን ለእርጉዝ አይበቃም፤ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፣ ውሃ በማይበቃበት ጊዜም አንጀት ውስጥ ተከማችቶ ቁርጠት ያመጣል። ከድርቆሽ፣ ከጤፍ ጭድና ከሽምብራ ገለባ ጋር ቀላቅሉት። በዚያ ላይ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በቀን አንድ ኪሎ ፍሩሽካና ግማሽ ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ለሁለት ወይም ለሦስት ከፍላችሁ ስጧት። በአንድ ቀን አትጀምሩ፤ ከእፍኝ ተነሥታችሁ በአሥር ቀን ውስጥ ወደ ሙሉው መጠን ድረሱ። ፍሩሽካ ብቻውን ለረጅም ጊዜ ከተሰጠ አጥንት ያሳሳል፤ የሽምብራው ገለባ የተጨመረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጨው አይጥፋባት። ውሃም እስክትረካ ትጠጣ። በበጋ መጨረሻ ወደ ቀሩት ኩሬዎች አትውሰዷት፤ አልቅት አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ደሟን ይመጥጣል።

ስለ ጓያ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ከሩዝ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ የሚዘራ አርሶ አደር ገለባውንና ጥራጥሬውን ለከብት ይሰጣል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደምቢያና በፎገራ ጓያ ስንቱን ሰው እንደሰበረ ሽማግሌዎቻችን ያስታውሳሉ። ፈረስ ደግሞ ለጓያ በጣም ስስ ነው፤ የኋላ እግሩ ይደክማል፣ የማንቁርቱ ነርቭ ተጎድቶ ሲተነፍስ ያጓራል። ላሟ በልታው ደህና ስለሆነች ባዝራዋም ደህና ትሆናለች ብላችሁ አታስቡ። ለእርጉዝ ባዝራ ጓያ በምንም መልኩ አይሰጥ።

የሻገተ መኖም እንዲሁ ይጣል። የዶሮ መኖ አትስጧት፤ አንዳንዱ ሞኔንሲን የሚባል የዶሮ መድኃኒት አለበት፣ እርሱም የፈረስን ልብ ይገድላል። በዩሪያ የታከመ ገለባ ለላም የተዘጋጀ ነው፣ ለባዝራ ጥቅም የለውም።

ሥራን በተመለከተ፣ ከዘጠነኛው ወር ጀምሮ ጭነትና ጋሪ ይቁም። አስሮ ማዋል ግን አይደለም፤ በየቀኑ መንቀሳቀስ ለደም ዝውውሯም ለአንጀቷም ይበጃል። በባዶ ጀርባዋ ወደ ግጦሽ ትሂድ ትመለስ።

የሚያስጨንቅና የማያስጨንቅ

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከግቷ ፊት ለፊት፣ ከሆዷ ሥር፣ ለስላሳ እብጠት ይታያል። በጣት ሲጫኑት ስርጉድ ይላል፣ አያማትም፣ ስትንቀሳቀስ ይቀንሳል። ይህ የእርግዝናው ክብደት ያመጣው ነው፤ አይተኮስ፣ አይበጣ። ጎኗን እያየች አልፎ አልፎ መሬት መቧጠጧም ውርንጭላው ሲገላበጥ የሚከሰት ነው፤ ከደቂቃዎች በኋላ ወደ መኖዋ ከተመለሰች ተዉአት። ከመውለዷ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት በፊት ግቷ መሙላት ይጀምራል፣ በጭራዋ ሥር ያለው ጡንቻ ይላላል፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት በጡቷ ጫፍ ሰም የመሰለ ጠብታ ይደርቃል።

የሚያስቸኩለው ሌላ ነው። ግቷ ከቀኗ ከአንድ ወር በላይ ቀድሞ ከሞላ ወይም ወተት ካንጠባጠበ የእንግዴ ልጁ ተመርዟል ወይም መንታ ይዛለች ማለት ሊሆን ይችላል፤ ባዝራ መንታ እስከ መጨረሻው መሸከም አብዛኛውን ጊዜ አይሆንላትም። ከብልቷ መግል ወይም ደም ካያችሁ ያው ነው። የሆዷ እብጠት በድንገት ካደገ፣ ከጠነከረ፣ ካመማት፣ ሆዷም ወደ ታች ከወረደ የሆድ ጡንቻዋ እየተቀደደ ይሆናል። ቁርጠቱ ከሰዓት በላይ ከቆየ፣ ላብ ካሰመጣት፣ እየተንከባለለች ከሆነ የማኅፀን መጠማዘዝም ሊሆን ስለሚችል ቤት ውስጥ በመድኃኒት ለማስታገስ አትሞክሩ።

ከሁሉም በላይ ግን መኖ ማቆሟን አትናቁ። እርጉዝ ባዝራ፣ ከእርሷም ይበልጥ እርጉዝ አህያ፣ መብላት ስታቆም ሰውነቷ ስቡን ወደ ደም ይለቅቃል፤ ጉበቷ መቋቋም ሲያቅተው ትሞታለች። ወፍራም የሆነችው ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠች ናት። “ወፈረች፣ ትንሽ ትራብ” ብሎ መኖ መከልከል አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ቀኑን ሙሉ ያልበላች እርጉዝ ባዝራ ማግስቱን መጠበቅ የለባትም።

ዝንብ በሚበዛበት የጣና ዳር የምታሰማሩ፣ ባዝራዋ ከከሳች፣ ድዷ ከነጣ፣ ትኩሳት እየሄደ ከመጣባት የሆዷን እብጠት በእርግዝና ብቻ አታሳብቡት፤ ገንዲ ሊሆን ስለሚችል ደሟ ይመርመር። የገንዲ መድኃኒት ለፈረስ መጠኑ ጠባብ ነው፤ ከከብት መድኃኒት ተርፎ በቤት የተቀመጠውን አትውጉ። የጤነኛ ባዝራ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ትኋን ያህል እንኳ የማይሞሉ ትንኞች የሚያስተላልፉት የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ደግሞ ከክረምቱ መውጫ እስከ ኅዳር ይበረታል፤ ጀምበር ከመጥለቋ በፊት ወደ ጋጣ አስገቡ፣ ጭስ አጭሱ። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ባዝራዋ እርጉዝ መሆኗን ለከታቢው አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ከጨነገፈች በባዶ እጅ አትንኩ፤ ነፍሰ ጡር ሴት አትጠጋ። ሐኪሙ ናሙና ወስዶ ባሕር ዳር ወዳለው የእንስሳት ጤና ላብራቶሪ እንዲልክ ጠይቁ፣ የቀረው በጥልቅ ይቀበር።

ወሊዱ

ባዝራ የምትወልደው በአብዛኛው ሌሊት ነው። ጅብ ስላለ ቦታው የታጠረ፣ ደረቅና አዲስ ጭድ የተነጠፈበት ይሁን። የጉማራና የገልዳ ወንዞች በሐምሌና በነሐሴ ሲሞሉ መንገዳቸው የሚቆረጥባቸው ቀበሌዎች ባዝራዋን ቀድመው ወደ ከፍታው ያውጧት፤ የሐኪሙም ስልክ በእጃችሁ ይሁን። በሩቅ ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ሰው ከበዛባት ምጧን ታዘገያለች።

ሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ሰዓት ያዙ። ውርንጭላው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል። ላም ለሰዓታት ልታምጥ ትችላለች፣ ባዝራ አትችልም፤ 20 ደቂቃ አልፎ ምንም ካልተራመደ ደውሉ። መጀመሪያ የሚታየው ነጭ ከረጢት፣ ቀጥሎ ሁለት የፊት እግር አንዱ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ አፍንጫውም በላዩ ነው። አንድ እግር ብቻ ከመጣ፣ ወይም የኮቴው መርገጫ ወደ ሰማይ ካየ፣ በገመድ አትጎትቱ፤ ሐኪሙ እስኪደርስ አስነሥታችሁ አራምዷት። በነጩ ፈንታ ደማቅ ቀይ ከፋይ የመሰለ ነገር ከወጣ ግን ሐኪም አትጠብቁ። የእንግዴ ልጁ ቀድሞ ተላቋል፣ ውርንጭላው አየር እያጣ ነው። በታጠበ እጅ ወይም ቢላዋ ቀዳችሁ ስታምጥ አብራችሁ እየሳባችሁ አውጡት።

እትብቱን አትቁረጡ፣ ራሱ ይበጠስ፤ ጫፉን በአዮዲን ንከሩት። ውርንጭላው በአንድ ሰዓት ይቆማል፣ በሁለት ሰዓት እንገር ይጠባል። የእንግዴ ልጁ ደግሞ በሦስት ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። ከላም ልምድ የሚመጣው ትልቁ ጉዳት እዚህ ነው፤ የላም እንግዴ ልጅ ቢያድር የተለመደ ስለሆነ ባለቤቱ ተኝቶ ያድራል። ባዝራ ላይ ግን ከሦስት ሰዓት ካለፈ ማኅፀኗ ይመረዛል፣ መርዙ ወደ ኮቴዋ ወርዶ ያሽመደምዳታል፣ ልትሞትም ትችላለች። አትጎትቱ፣ ድንጋይም አታንጠልጥሉ። እንዳትረግጠው ወደ ላይ ቋጥራችሁ ሐኪም ጥሩ፤ ሌሊትም ቢሆን። የወጣውን ደግሞ ሙሉ መሆኑን ሐኪሙ እንዲያይ ከውሻ ጠብቃችሁ አስቀምጡ።

በቅሎ ለምታስወልዱ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጤነኛ ሆኖ የተወለደ የበቅሎ ውርንጭላ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ ደክሞ፣ ድዱና ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቱ ቀልቶ ከሞተ፣ ቡዳ በልቶት አይደለም። የባዝራዋ ደም የአባቱን የአህያውን ደም ባዕድ አድርጎ በእንገሯ ውስጥ የሚያጠፋው ነገር አስቀምጧል። ከመጀመሪያው በቅሎ ይልቅ በሁለተኛውና ከዚያ በኋላ ባሉት ይከሰታል። እንዲህ የሞተባት ባዝራ እንደገና ከአህያ ተጠቅታ ስትወልድ ውርንጭላው ለአንድ ቀን ተኩል ገደማ እንዳይጠባት አፉን በመረብ ሸፍኑ፤ እንገሯን እያለባችሁ ድፉ። ለእርሱ ከአህያ ተጠቅታ ከማታውቅ ሌላ ባዝራ እንገር ፈልጉ፤ ይህን ከመውለዷ በፊት ከጎረቤትና ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት።

ባዝራ ከወለደች ከአምስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ቀን ድረስ እንደገና ድንጉላ ትፈልጋለች። ወሊዱ ቀላል ከነበረና የእንግዴ ልጁ በጊዜው ከወጣ ማስጠቃት ይቻላል። ከተቀደደች፣ የእንግዴ ልጁ ከቆየባት ወይም ከከሳች ግን ይህን ዙር አሳልፉና ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የሚመጣውን ጠብቁ፤ የተጠቃችበትንም ቀን እንደገና ጻፉ።