የአፈር ጥበቃና የመንግሥት በጀት፤ ከአሜሪካ የአቧራ ዘመን የሚገኝ ትምህርት

ድርቅ በደረሰ ጊዜ መንግሥታት አስቀድመው የሚያወጡት ገንዘብ የሰው ነፍስ ለማዳን የሚውል ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ለነፍስ ማዳን የተመደበ ገንዘብ ችግሩ ጋብ ሲል አብሮ የሚያበቃ በመሆኑ፣ ድርቁን ወደ ረሀብ የሚለውጠው የመሬት መራቆት ሳይነካ ይቀራል። ስለሆነም አፈር፣ ውኃ፣ ደንና ግጦሽ በሕግ የታወቀ ቋሚ በጀት ይኑራቸው ወይስ ከእርዳታ በሚተርፈው ገንዘብ ይጠበቁ የሚለው ጥያቄ የሂሳብ ሠራተኞች ብቻ ሳይሆን በእርዳታና በሰፈራ ሥራ የተሰማሩ ሁሉ ሊያጠኑት የሚገባ ነው። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት በ1930ዎቹ ያሳለፉት ልምድ ለዚህ ጥናት በቂ መረጃ ይሰጣል። አሜሪካን የሚመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የአደጋው መነሻ

ከኦክላሆማ፣ ከካንሳስ፣ ከቴክሳስ፣ ከኮሎራዶና ከኒው ሜክሲኮ ክፍለ ግዛቶች የተውጣጣው ሜዳማ አገር ከጥንት ጀምሮ በሣር የተሸፈነ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የስንዴ ዋጋ በመወደዱ ሰፊው የሣር መሬት ታረሰ። ከጦርነቱ በኋላ ዋጋው ሲወድቅ ገበሬው ዕዳውን ለመክፈል ይበልጥ አረሰ። ከ1930 በኋላ ዝናቡ ሲጠፋ አፈሩን የሚይዝ ሥር ስላልነበረ ነፋስ አነሣው። በግንቦት 1934 የተነሣው አቧራ ዋሽንግተንንና ኒው ዮርክን አልፎ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ደረሰ። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከሜዳማዎቹ ክፍለ ግዛቶች እንደተሰደደ ይገመታል። ድርቁን ያመጣው ሰማይ ቢሆንም አቧራውን ያመጣው የሰው እጅ ነበር ማለት ይቻላል።

የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ

የአሜሪካ ምክር ቤት፣ ማለትም ኮንግሬስ፣ በሰኔ 1934 ለድርቅ እርዳታ 525 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ከዚህ ገንዘብ በከፊሉ መንግሥት መኖ ካጡ ገበሬዎች ከ8 ሚሊዮን በላይ ከብት ገዛ። ለምግብ የሚሆነው ሥጋ ለችግረኞች ታደለ፤ የማይሆነውም ተወገደ። በዚህ ሥራ ገበሬው ከብቱ ሜዳ ላይ ከሚያልቅበት ጥቂት ገንዘብ አገኘ፤ የተጎዳው ግጦሽም ፋታ አገኘ።

አፈርን የመጠበቁ ሥራ በዚያን ጊዜ የራሱ በጀት አልነበረውም። በ1933 የተቋቋመውና የአፈር ሊቅ በነበሩት በሂዩ ሃመንድ ቤኔት የሚመራው መሥሪያ ቤት ጊዜያዊ ሲሆን፣ መነሻው ለሕዝባዊ ሥራዎች ከተፈቀደው ገንዘብ የተመደበለት 5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሠራተኞቹ ተዳፋትን እያቋረጡ ማረስን፣ እርከን መሥራትንና ሣር መመለስን በማሳያ ማሳዎች ላይ ያስተምሩ ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው ሥር ሳይሰድ የመሥሪያ ቤቱ ዘመን የሚያበቃበት ቀን ተቃርቦ ነበር።

ቋሚው ሕግ

ቤኔት በ1935 መጀመሪያ ላይ ለኮንግሬስ ኮሚቴዎች ቀርበው የአፈር መሸርሸር የአገር አደጋ መሆኑን አስረዱ። ሚያዝያ 14 ቀን ሜዳማውን አገር እጅግ ከባድ የአቧራ ማዕበል መታው፤ ዕለቱም «ጥቁር እሑድ» ተባለ። ሚያዝያ 27 ቀን 1935 የአፈር ጥበቃ አዋጅ ጸደቀ። በአዋጁም ጊዜያዊው መሥሪያ ቤት በእርሻ ሚኒስቴር ሥር ቋሚ የአፈር ጥበቃ አገልግሎት ሆነ። የዚህ ሕግ ትልቁ ቁም ነገር አፈርን መጠበቅ የእርዳታ ተቀጥላ መሆኑ ቀርቶ በየዓመቱ በጀት የሚጠየቅበት የመንግሥት መደበኛ ተግባር መሆኑ ነው።

የገንዘቡ ምንጭም በሕግ ካልጸና ሥራው እንደሚናጋ በ1936 ታየ። ለገበሬዎች ይከፈል የነበረው ድጎማ የእርሻ ምርት በሚያዘጋጁ ፋብሪካዎች ላይ ከተጣለ ግብር የሚገኝ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጥር 1936 ይህ አሠራር ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ሲል ወሰነ። ኮንግሬስ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ሌላ ሕግ አወጣ፤ ክፍያውም ከጠቅላላው የመንግሥት ገቢ እንዲሆንና አፈርን የሚያዳብር ሰብል ለሚዘሩ ገበሬዎች እንዲሰጥ ተደረገ።

በግጦሽ በኩል በ1934 የወጣው ሕግ በመንግሥት መሬት ላይ ለሚሰማራ ከብት ክፍያ እንዲጠየቅ ካዘዘ በኋላ፣ ከገቢው 25 በመቶው ኮንግሬስ ሲፈቅድ ለግጦሹ ማሻሻያ እንዲውል፣ 50 በመቶው ደግሞ ገቢው ለተገኘበት ክፍለ ግዛት እንዲሰጥ ደነገገ። ከተፈጥሮ ሀብት የተገኘው ገንዘብ ከፊሉ ወደዚያው ሀብት እንዲመለስ ማድረግ የዚህ ሕግ ብልሃት ነበር።

ከ1937 ጀምሮ ክፍለ ግዛቶች በየራሳቸው ሕግ በገበሬዎች ድምፅ የሚመሠረቱ የአፈር ጥበቃ ወረዳዎችን አቋቋሙ። ማዕከላዊው መንግሥት ባለሙያ ሲሰጥ፣ ወረዳው ገበሬውን አስተባበረ። በ1950ዎቹ ድርቅ ሲመለስ ደግሞ በ1956 የወጣው ሕግ ከገበሬው ጋር እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ውል መግባትን ፈቀደ፤ የሣር መሬት በአንድ የበጀት ዓመት አያገግምምና።

የሰፈራው ሥራ

በ1935 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ የተቋቋመው የሰፈራ አስተዳደር ገበሬዎችን ከተራቆተ መሬት አንሥቶ የተሻለ መሬት ለመስጠት አቅዶ ነበር። ገንዘቡ ከአስቸኳይ እርዳታ በጀት የሚቆረጥ ከመሆኑም በላይ በኮንግሬስ ውስጥ ብዙ ተቃዋሚ ስለነበረው፣ ሊሰፍሩ ከታሰቡት መካከል ለማስፈር የተቻለው ጥቂቱን ብቻ ነው። በ1937 ሥራው ለሌላ መሥሪያ ቤት ተላለፈ። መንግሥት የገዛው የተራቆተ መሬት ግን አልተጣለም። በ1937 በወጣ ሕግ ግዢው ቀጠለ፤ መሬቱም ሣር ተዘራበት። ከዚህ መሬት ከፊሉ ከ1960 ጀምሮ ብሔራዊ የሣር ምድር ተብሎ ይጠበቃል። ሰፈራ ሁለት መሬት አለው፤ ሰው የሚለቀው መሬትና ሰው የሚገባበት መሬት። በጀቱም ለሁለቱ መሆን ይኖርበታል።

ለኢትዮጵያ የሚኖረው ትርጉም

በኢትዮጵያ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜንና ከመካከለኛው አገር ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ በሰፈረ ጊዜ፣ በመድረሻው ብዙ ደን ለእርሻና ለቤት ተመንጥሯል። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ ካሣ እንዲያገኙ፣ በአንቀጽ 89 መንግሥት አደጋን እንዲከላከል፣ በአንቀጽ 94 የፌዴራሉ መንግሥት ለክልሎች ለአስቸኳይ ጊዜ፣ ለመልሶ ማቋቋምና ለልማት ድጎማ ሊሰጥ እንደሚችል ይደነግጋል። እነዚህ አንቀጾች በሥራ የሚተረጎሙት በየዓመቱ በሚጸድቀው በጀት ውስጥ ቦታ ሲያገኙ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራምም ከዚሁ አስተሳሰብ የመነጨ ሲሆን፣ በየዓመቱ በሚቀርብ የአስቸኳይ እርዳታ ጥሪ ፋንታ አስቀድሞ የታወቀ ድጋፍን ከእርከንና ከውኃ ማቆር ሥራ ጋር አያይዟል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ገንዘቡ ከውጭ ለጋሾች የመጣ በመሆኑ ዘላቂነቱ በሌሎች ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ሆኗል።

የበጀት ዓመቱና የተፈጥሮ ወቅት አለመገጣጠማቸውም ሊታሰብበት ይገባል። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። ችግኝ በበጋ በአሮጌው በጀት ይፈላል፤ በክረምት በአዲሱ በጀት ይተከላል። አዲሱ ገንዘብ ለወረዳው እስኪደርስ የአንድ ወር መዘግየት ቢኖር ዝናቡ አይጠብቅም፤ የአንድ ዓመት ድካምም በችግኝ ጣቢያው ይቀራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምክር በጀት ለሚያዘጋጅ ባለሙያም የሚሠራ ነው።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በወረዳው ለአፈርና ውኃ ጥበቃ የሚውለው ገንዘብ ከመደበኛ በጀት ነው ወይስ ከእርዳታ? እርዳታው ቢቆም የትኛው ሥራ ይቀጥላል?

2. ለሰፈራ በተያዘው በጀት ውስጥ ለተለቀቀው መሬት ማገገሚያ የተመደበ ገንዘብ አለ?

3. የተተከለው ችግኝና የተሠራው እርከን በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት የሚጠበቅበት ወጪ አስቀድሞ ተይዟል?

4. ከግጦሽ፣ ከደንና ከማዕድን የሚገኘው ገቢ ምን ያህሉ ወደተገኘበት አካባቢ ይመለሳል?