ከቀለም ሥር ያለው ዝገት

በዓል ሲደርስ ቤቱን የማያሳምር የለም። ግድግዳው ይመረጋል፤ ወለሉ በእበት ይለቀለቃል፤ የብረት በር ያለውም በሩን ቀለም ይቀባል። ታዲያ ብዙ ጊዜ ምን ይሆናል? ለእንቁጣጣሽ የተቀባው በር ጥምቀት ሳይደርስ ከታች በኩል ያብጣል። ያበጠውን በጥፍር ጫር ቢያደርጉት ቀለሙ እንደ ቅርፊት ይነሳና ከሥሩ ቀይ ዱቄት ይረግፋል።

አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ የዘንድሮ ቀለም ውሃ ነው፤ ነጋዴው አታለለኝ» አሉኝ። «የለም አባባ፣ ቀለሙ ሳይሆን አቀባቡ ነው» ብላቸው ደስ አላላቸውም። በሩን አብረን ፍቀን ስናይ ግን የአምናው ዝገት ሳይነካ ቀለም እንደ ተደረበበት ታየ። ደግነቱ ላሜራው ገና አልተበሳም ነበር። ያ በር የእህል ማስቀመጫቸው በር ነው። ከታች ቢበሳ አይጥ ይገባል፤ ዝናብ ይገባል፤ ጆንያው ይረጥባል፤ እህሉ ይሻግታል። ለብየዳ ደግሞ በሩን ነቅሎ በአህያ ከተማ ድረስ መውሰድ ሊኖር ነው።

ዝገት ምንድን ነው? ብረት ከውሃና በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ የሚለወጥበት ነገር ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ብረት አይዝግም። ስለዚህ ቀለም ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ውሃና አየር ብረቱን እንዳያገኙት የሚከለክል ልብስ ነው። ይህ ልብስ በድንጋይ ወይም በበሬ ቀንድ ተቀደደ እንበል። ቀዳዳው አንዲት የባቄላ ፍሬ ቢያክል እንኳ ዝገቱ እዚያው ቆሞ አይቀርም፤ በቀለሙ ሥር ወደ ጎን ይሄዳል። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሳዋል። እብጠቱ ይኸው ነው። በዚያም ላይ ዝገት እንደ አሮጌ ጨርቅ እርጥበት ይዞ ይቆያል። በላዩ ላይ ቀለም መቀባት እርጥቡን ከብረቱ ጋር አንድ ላይ መቆለፍ ማለት ነው።

ጨው ነገሩን ያፋጥነዋል። የከብት ሽንት ጨው አለው፤ ማዳበሪያም እንደዚሁ ነው። ከብት በሚታሰርበት በኩል ያለ በር፣ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት የተደገፈበት በር፣ ከሌላው ቀድሞ የሚዝገው ለዚህ ነው። ከበሩ ግርጌ ታጥፎ የቀረው የላሜራ ጠርዝም ጭቃ ይይዛል። በገበያ መንገድ የሚመላለሱትን አሮጌ የጭነት መኪናዎች ልብ ብላችሁ እዩ፤ በራቸው የተበላው ከታች ነው። ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ በጭቃ ሲደፈን ውሃው ውስጥ ይቀራል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ጊዜው በጋ ይሁን፤ አጨዳና ውቂያ ካለቀ በኋላ ጥር ጥሩ ነው። ጠዋት ጤዛው ደርቆ፣ 4 ሰዓት ገደማ ይጀመር። የሚያስፈልገው የሽቦ ብሩሽ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አንቲረስት የሚባለው የሥር ቀለም፣ የላይ ቀለምና ብሩሽ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በገንዘብ ማነስ ሊተው የማይገባው አንቲረስቱ ነው። የላዩ ቀለም ከበሩ ጋር ባይመሳሰል ያስቃል እንጂ ጉዳት የለውም።

መጀመሪያ በሩ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ጨውና ጭቃው ይውጣ፤ በደንብ ይድረቅ። ቀጥሎ የተነሳው ቀለም ሁሉ ይፈቅፈቅ። እዚህ ላይ አትሰስቱ። ዝገቱ ከሚታየው በላይ በቀለሙ ሥር ስለሄደ፣ ብረቱ ነጭ ሆኖ እስኪያበራና ጠንካራው ቀለም እስኪገኝ ድረስ፣ ሁለት ጣት ያህል አልፎ መፋቅ ያስፈልጋል። ጠንካራው ቀለም በሚጀምርበት ዙሪያ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ ጣት ሲያልፍበት ደረጃ እንዳይሰማው። ይህ ሥራ ክንድ ያደክማል፤ ግማሽ ቀን ቢፈጅ አትገረሙ።

ከአሮጌ ቀለም የሚነሳው አቧራ ግን አደገኛ ነው። በድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖር ይችላል፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በአገራችን ቀለም ውስጥ የሚገባውን እርሳስ የሚገድብ ደንብ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ በር ብዙ ነው። ስለዚህ ልጆች ይራቁ፤ አፍና አፍንጫ በጨርቅ ይሸፈን፤ ከምድጃና ከእህል ርቆ ይሠራ። ፍቅፋቂው ተጠርጎ ይቀበር እንጂ አይቃጠል።

የተፋቀ ብረት ሌሊቱን አይደር። ጤዛ ካገኘው ጠዋት እንደገና ቀይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። በዚያው ዕለት አንቲረስቱ በስሱ ይቀባ፤ ደርቆ እንደገና ይደገም። ወፍራም አድርጎ አንድ ጊዜ መለጠፍ ከላይ ደርቆ ከውስጥ ጥሬ ይቀራል። የላዩ ቀለም በማግስቱ ይሁን። ላሜራው ከተበሳ ግን ቀለም አያድነውም። ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ መቀባትም ለጊዜው ነው፤ ዝገቱ ከዳር እየበላ ይሄድና ስቱኮው ራሱ ይወድቃል። የሚያዋጣው ብየዳ ነው።

የቤት ክዳን ቆርቆሮ ለየት ይላል። ብረቱ የተለበሰው ዚንክ በሚባል ማዕድን ነው፤ ጫር ቢደረግ እንኳ ዚንኩ በብረቱ ፋንታ ቀድሞ ይበላል። ስለዚህ ቀይ የሆነው ቦታ ብቻ ይፈተግ። ያልዛገውን በሽቦ ብሩሽ መፋቅ ልብሱን ማውለቅ ነው።

ማረሻ ቀለም አይችልም፤ አፈር ይልጠዋል። እርሻ ሲያበቃ ጭቃው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጨው የሌለው ሞራ ተቀብቶ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የተልባ ዘይትም ይሆናል፤ በቀናት ውስጥ ደርቆ እንደ ስስ ቆዳ ይሸፍነዋል።

ይህን በዓይናችሁ ለማየት ሦስት አዲስ ምስማሮች ውሰዱ። አንዱን በደረቅ ብርጭቆ ውስጥ አኑሩት። ሁለተኛውን ጨው ጣል ባደረጋችሁበት ውሃ ውስጥ ግማሹ እንዲነከር አድርጉት። ሦስተኛውን ሞራ በደንብ ቀብታችሁ እንዲሁ በጨው ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። ከሳምንት በኋላ ሦስቱንም በነጭ ጨርቅ ላይ አውጥታችሁ አስተያዩአቸው።