በበዓለ ልደት ስለ ተሰደዱት ክርስቲያኖች

ምእመናን ሆይ፤ ቅዱስ ማቴዎስ የሰብአ ሰገልን ደስታ ከነገረን በኋላ ወዲያው የሄሮድስን ሰይፍና ወደ ግብጽ የተደረገውን ስደት ጽፎልናል። ከልደቱ ታሪክ ይህን ክፍል ዘሎ ማለፍ አይገባም።

ሕፃኑን ጌታ ያስጠጋች የግብጽ ምድር ዛሬም የሰማዕታት አገር ናት። በ2002 ዓ.ም. ታኅሣሥ 28 ቀን፣ በበዓለ ልደት ዋዜማ፣ በላይኛው ግብጽ ናግ ሐማዲ በተባለች ከተማ ምእመናን አስቀድሰው ሲወጡ በመኪና የመጡ ሰዎች ተኩሰው 6 ክርስቲያኖችንና አንድ ሙስሊም ዘበኛ ገደሉ። ዘበኛውን ሳያነሡ የክርስቲያኖቹን ሞት ብቻ ማውራት ፍርድ ማጓደል ነው። በ2009 ዓ.ም. ታኅሣሥ 2 ቀንም፣ በጾመ ነቢያት፣ በካይሮ ከቅዱስ ማርቆስ መንበር አጠገብ ባለችው የጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን በቅዳሴ ጊዜ ቦምብ ፈንድቶ ከ25 የሚበልጡ ነፍሳት ጠፉ፤ የሚበዙትም ሴቶች ነበሩ።

ስለዚህ ካህናትና ዲያቆናት በልደት ሌሊት ስለ ተጨነቁትና ስለ ታሰሩት የሚለምኑበትን ቃል በችኮላ አያሳልፉት፤ ሊነጋ ሲል ንባብ እንደሚፋጠን የታወቀ ነው። አባቶችና እናቶችም በመፈሰኪያው ማዕድ፣ እንጀራው ከመቈረሱ በፊት፣ የናግ ሐማዲን ነገር ለልጆቻቸው ይንገሩ፤ የዘበኛውንም ጭምር።