ብርክ ከቤት ሲገባ
ሕፃናትን የምታሳድግ እናት በወባ ስትታመም ቤተሰቡና ጎረቤቱ ሊያውቁት የሚገባ ትምህርት



ክረምቱ አልፎ ውኃው ከሜዳው ላይ መጉደል ሲጀምር፣ በቆላውና በወይና ደጋው አገራችን የወባ ወራት ይገባል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ዋነኛው ሲሆን፣ የበልግ ዝናብ በሚያገኙ አካባቢዎች ደግሞ ሚያዝያና ግንቦት ሁለተኛው ወቅት ነው። ዋነኛው ወቅት እህል የሚታጨድበትና የሚሰበሰብበት ጊዜ ስለሆነ፣ በሽታው ወደ ቤታችን የሚመጣው ማንም ሰው ሥራውን ትቶ ለመተኛት በማይችልበት ሰዓት ነው።

ስለ ወባ በሚሰጠው ትምህርት አዘውትሮ የሚነገረው ስለ ታመመ ልጅ ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጁን የምትጠብቀው እናት ራሷ ስትታመም ምን ይደረጋል? የሕፃኑን ትንፋሽ የምታዳምጠው፣ ግንባሩን ዳስሳ ትኩሳቱን የምታውቀው፣ ውኃ የምታጠጣው እርሷ ናት። እርሷ በብርክ ስትወድቅ ልጆቹም ጠባቂ ያጣሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ጉዳይ ነው። የምንናገረው ስለ እናት ቢሆንም፣ ልጅ ለሚያሳድግ አባት፣ ለአያትና ለታላቅ እኅትም እንደሚያገለግል የታወቀ ነው።

1. ብርዱ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ብርድ ብርድ ሲለው ምክንያቱን ከውጭ ይፈልጋል። አንዱ «ንፋስ መታኝ» ይላል፤ ሌላው ምች ነው ብሎ ዳማ ከሴ ይጨምቃል፤ እሸት በቆሎ በመብላቱ የታመመ የሚመስለውም አለ። እሸት የሚደርስበትና የወባ ትንኝ የምትበዛበት ወራት አንድ በመሆኑ ይህ ግምት ሊፈጠር ቻለ እንጂ፣ እሸቱ ራሱ ወባ አያመጣም።

የበሽታው ምክንያት በደም ውስጥ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1880 በአልጄሪያ ይሠራ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም ላቭራን አረጋገጠ። በ1897 ደግሞ እንግሊዛዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ ተሕዋሱ በትንኝ ሰውነት ውስጥ እንደሚያድግ በሕንድ አገር ደረሰበት። አኖፊለስ የተባለችው ሴቴ ትንኝ ሰውን በምትነድፍበት ጊዜ ተሕዋሱ ወደ ደም ይገባል፤ በመጀመሪያ በጉበት ውስጥ ተሸሽጎ ይራባል፤ ከዚያም ወደ ቀይ የደም ሕዋሳት ይገባል። እነዚህ ሕዋሳት በአንድነት ሲፈነዱ ሰውነት ሙቀቱን ከፍ በማድረግ ይከላከላል። ሙቀቱን ለማሳደግም ጡንቻዎችን ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ታማሚው «በረደኝ» እያለ በሚጮህበት ሰዓት ሰውነቱ በእውነቱ እየጋለ ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ብርድ ልብስ በላይ በላዩ መደራረብ ትኩሳቱን ያባብሳል እንጂ በሽታውን አያስለቅቅምና።

በአገራችን በብዛት የሚገኙት የወባ ዓይነቶች ሁለት ናቸው። ፋልሲፓረም የተባለው ፈጥኖ ለሞት የሚያደርስ ነው። ቫይቫክስ የተባለው ደግሞ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ዳግመኛ ይነሣል። ወባ በአብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ስፍራዎች የሚገኝ ቢሆንም፣ ደገኛው ጨርሶ አይነካኝም ሊል አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1958 በሽታው ወደ ከፍተኛ ስፍራዎች ወጥቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ያዘና 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል። በ2024ም በአገራችን የተመዘገበው የወባ ሕሙማን ቁጥር ከ7 ሚሊዮን በላይ ነበረ።

2. የንዳዱ ሦስት ደረጃዎችና የሕፃናቱ ጥበቃ

የወባ ሕመም ብዙውን ጊዜ በሦስት ደረጃ ያልፋል። በእያንዳንዱ ደረጃ በሕፃናቱ ላይ ሊደርስ የሚችለው አደጋ የተለየ ስለሆነ ለየብቻ እንመለከታቸዋለን።

ሀ) ብርክ። ከሩብ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። ጥርስ ይፋጫል፣ እጅና ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ብርክ የያዛት እናት እሳት ትፈልጋለችና ወደ ምድጃው ትጠጋለች፤ ልጆቹም ወደ እናታቸው ይጠጋሉ። የሕፃናት ቃጠሎ የሚደርሰው በዚህ መካከል ነው። በመሆኑም ጀርባ መቀዝቀዝ፣ ማዛጋትና ራስ ምታት ሲጀምር ብርኩ ሳይበረታ ሦስት ነገሮችን መፈጸም ያስፈልጋል፦ እሳቱን ማዳፈንና የፈላውን ነገር ከልጆች ማራቅ፤ የታዘለውን ሕፃን ከአንቀልባ አውርዶ መሬት ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ማስተኛት፤ ትልቁን ልጅ ልኮ ጎረቤት ማስጠራት። በብርክ ውስጥ ያለች እናት ሕፃን ታቅፋ መቆም አይገባትም። አንድ ጋቢ ይበቃታል።

ለ) ትኩሳት። ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ራስ ይፈልጣል፣ ያስታውካል፣ አንዳንድ ጊዜም ያቃዣል። በዚህ ጊዜ የተደረበውን ልብስ ማንሣትና ውኃ ደጋግሞ መጠጣት ይገባል። ትኩሳት ላይ ያለች እናት ለልጅ መድኃኒት መለካት የለባትም፤ አእምሮዋ በማይረጋበት ሰዓት የልክ ስሕተት ይፈጠራልና። የታዘዘ መድኃኒት ካለ ሌላ አዋቂ ሰው ይስጥ።

ሐ) ላብ። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይወስዳል። ከዚያም ሰውነት ዝሎ ከባድ እንቅልፍ ይመጣል። ቤተሰቡ «አሁንስ ተሻላት» ብሎ የሚበታተነው በዚህ ሰዓት ነው፤ ነገር ግን የሕፃኑን ልቅሶ ላትሰማ ትችላለች። ጨቅላ ልጅም በእቅፏ ተኝቶ ከሆነ በሰውነቷና በልብሷ ክብደት ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ ጨቅላው ከአጠገቧ፣ ግን በራሱ መኝታ ይተኛ፤ ነቅቶ የሚጠብቅ ሰውም አይታጣ።

ይህ ሥርዓት ግን ሁልጊዜ እንደማይጠበቅ ማስታወስ ያሻል። በተለይ የፋልሲፓረም ወባ ጊዜውን ሳይጠብቅ ሊመላለስ ይችላል። ሕፃናት ደግሞ ብዙ ጊዜ ብርክ ሳይታይባቸው በቀጥታ በትኩሳት፣ በማስታወክ ወይም በመንዘፍዘፍ ይታመማሉ። ስለሆነም «አልተንቀጠቀጠምና ወባ አይደለም» ማለት አይቻልም።

3. አታላዩ ቀን

በቫይቫክስ ወባ ብርኩ ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን እየዘለለ ይመጣል። በመካከል ያለው ቀን እናትን ያታልላታል። ትነሣለች፣ ውኃ ትቀዳለች፣ ገበያ ትወጣለች፤ «ተሻለኝ» ትላለች። በማግስቱ በመንገድ ላይ፣ ሕፃን እንዳዘለች፣ ብርኩ ይጥላታል። ሰላም የመሰለው ቀን የመዳን ምልክት ሳይሆን ወደ ጤና ኬላ መሄጃ ዕድል ነው። ምርመራው ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም ይፈጸማል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ውጤቱን ብዙ ሳትቆይ ታሳውቃለች። ከቆላ ሥራ ተመልሶ ደጋ ላይ የታመመ ሰውም የሄደበትን ስፍራ ለጤና ሠራተኛው መናገር አለበት፤ ካልተናገረ ወባ ላይጠረጠር ይችላል።

እናቲቱ ከተቃዠች፣ በተደጋጋሚ ካስታወከች፣ መቆም ካቃታት፣ ሽንቷ ከጠቆረ፣ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይጠበቅ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለባት።

4. ስለ ጡትና ስለ መድኃኒት

ብዙ እናቶች «ትኩሳቴ በወተቴ ወደ ልጄ ይገባል» ብለው ጡት ይከለክላሉ። ይህ ስሕተት ነው። ወባ በእናት ጡት ወተት አይተላለፍም። ጡት የተከለከለ ሕፃን ግን ይጠማል፣ ይዳከማል። ስለዚህ ብርኩ ሲያልፍ እናት ጋደም ብላ፣ ሌላ ሰው ሕፃኑን ይዞላት ታጥባው። እርሷም ከወትሮው የበለጠ ውኃና አጥሚት ትጠጣ።

ለፋልሲፓረም ወባ አዘውትሮ የሚሰጠው ኮአርተም በሚል ስም የታወቀው መድኃኒት ሲሆን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን ይወሰዳል። ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ከሰውነት ጋር በሚገባ ይዋሐዳል። ለቫይቫክስ ክሎሮኪን ይሰጣል፤ በጉበት የተሸሸገውን ለማጥፋትም ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን የሚወሰድ ፕሪማኪን ይታከላል። ፕሪማኪን ለነፍሰ ጡርና ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ለምታጠባ እናት ስለማይሰጥ፣ ማርገዟን ወይም ማጥባቷን ሳትጠየቅም ልትናገር ይገባታል።

በዚህ ላይ በእናት ፍቅር የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ። ልጇ ሲያተኩሰው እናት የራሷን እንክብል ቆርሳ ትሰጠዋለች፤ ወይም ትንሽ ሲሻላት «ለልጆቼ ይቀመጥ» ብላ የቀረውን ትቋጥራለች። በዚህም እርሷ ሳትድን ትቀራለች፤ ልጁም ለክብደቱ ያልተመጠነ መድኃኒት ይወስዳል። የእናት መድኃኒት ለእናት ነው፤ እስከ መጨረሻው እንክብል ድረስ ይወሰድ። ልጁ ራሱ ይመርመር።

5. በዚያው ሰሞን ልጁም ሲታመም

እናትን የነደፈች ትንኝ ከልጆቹ ቤት ሩቅ አይደለችም። ስለዚህ እናት ስትታመም የልጆቹን ገላ ጠዋትና ማታ መዳሰስ ያስፈልጋል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ካተኮሰው 24 ሰዓት ሳይሞላ ይመርመር፤ ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ካተኮሰው ደግሞ ወዲያውኑ ይወሰድ። በሌሊትም ቢሆን የማያስጠብቁት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል፣ የቀመሰውን ሁሉ ማስታወክ፣ መንዘፍዘፍ፣ መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት። የእጁ መዳፍ መንጣትም ደሙ እያለቀ መሆኑን ስለሚያመለክት በአስቸኳይ መታየት አለበት።

የሚንዘፈዘፍ ልጅ በጎኑ ይጋደም፤ በአፉ ምንም ነገር አይጨመር፤ ክብሪት በአፍንጫው ሥር መጫር አይረዳውም። ያተኮሰውን ልጅ ልብሱን ማቅለልና መጠጥ ማብዛት ይጠቅመዋል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም፤ ፓራሲታሞልም በክብደቱ ልክ ይሁን። «እንጥሉ ወርዷል» በሚል ማስቆረጥ፣ «ግግ ነው» በሚል ድዱን ማስነቀል ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ከማጋለጥና የሕክምናውን ሰዓት ከማባከን በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም።

6. አጎበሩ ለማን?

ትንኟ በአብዛኛው የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። በቤት ውስጥ አንድ አጎበር ብቻ ካለ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችና ነፍሰ ጡር ቅድሚያ ያገኛሉ። ይሁን እንጂ ታማሚዋ እናት «እኔስ አንዴ ይዞኛል» ብላ ከአጎበር ውጭ ማደር የለባትም። ትንኟ ተሕዋሱን የምታገኘው ከታመመ ሰው ደም ነውና፣ እናትን በአጎበር መሸፈን ልጆቿንና ጎረቤቶቿን መጠበቅ ነው። የከተማ ነዋሪዎችም አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች አዲስ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር መገኘቷን ሊያውቁ ይገባል። እርሷ በውኃ በርሜልና በገንዳ ስለምትራባ፣ ማጠራቀሚያዎችን መክደን ያስፈልጋል።

7. የጎረቤትና የካቴኪስት ድርሻ

ከላይ የጠቀስነው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም በቤቱ ውስጥ ሌላ አዋቂ ሰው መኖሩን ነው። ባሏ ለአጨዳ ወደ ቆላ የወረደ፣ ወይም ብቻዋን ልጆቿን የምታሳድግ እናት ይህን ከየት ታገኛለች? ሰው ሲሞት ዕድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተወውም። ይህ መልካም ልማዳችን ነው። ነገር ግን ለቀብር የሚሰበሰበው ጉልበት ጥቂቱ ብርክ ባለበት ሦስት ቀን ቢገኝ፣ ድንኳኑ ሳይተከል የሚቀርበት ቤት ብዙ ነው።

ስለዚህ በየቁምስናው ያሉ ካቴኪስቶች የወባ ወራት ከመግባቱ በፊት በየቀጠናቸው ትንንሽ ልጆች ያሏቸውንና ረዳት የሌላቸውን ቤተሰቦች ለይተው ቢያውቁ፣ ለእያንዳንዱም ቤት ሁለት ጎረቤት ቢመድቡ እንመክራለን። የሚጠበቅባቸውም ቀላል ነው፦ አንድ እንስራ ውኃ መቅዳት፣ ለልጆቹ አንድ ጊዜ ምግብ ማብሰል፣ እናቲቱንና ያተኮሰውን ልጅ ወደ ጤና ኬላ ማድረስ፣ መድኃኒቱ ማለቁንም በሦስተኛው ቀን መጠየቅ። መድኃኒት ማዘዝ ግን የጤና ሠራተኛ ሥራ እንጂ የካቴኪስት ሥራ አይደለም። ለታመመ ሰው የሚጸልይና ለታመመ ሰው ውኃ የሚቀዳ አንድ ሰው ሊሆን ይገባዋል።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ብርክ በያዛት እናት አጠገብ ለሚገኙ ሕፃናት የሚያሰጉ ነገሮች ምን ምን ናቸው? በቤታችሁ ምድጃው የት ይገኛል?
2. ሕመሙ ያለፈ የሚመስልበትን ቀን ለምን አታላይ አልነው?
3. ልጅ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሕክምና መወሰድ ያለበት ምን ምን ምልክት ሲታይ ነው? በቃላችሁ ቁጠሩ።
4. በቀጠናችሁ እናት ብትታመም ልጆቿን የሚይዝላት የሌለው ቤት የትኛው ነው? ማንስ ይመደብለት?